ቴሌቪዥኑ ይግባ፣ ሰው የት ይቀመጥ?

በዓል ሲቃረብ ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ላስተዋለ ሰው፣ ከበጉና ከዶሮው እኩል ዓይን የሚገባ ሌላ ጭነት አለ። የቴሌቪዥን ካርቶን ነው። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ ከባጃጅ ግራና ቀኝ ተርፎ፣ አንዳንዴም ሁለት ወጣቶች ከፊትና ከኋላ ይዘውት በኮብልስቶኑ ዳገት ሲወጣ አያለሁ። ካርቶኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስትና የብርጭቆ ሥዕል ታትሟል፤ አቁማችሁ ያዙኝ፣ ተሰባሪ ነኝ ማለቱ ነው። አብዛኛው ግን ተጋድሞ ነው የሚጓዘው። ሰፊ ስክሪን ሲጋደም መሐሉ የሚደግፈው የለም። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ የደረሰበት ስንጥቅ ቤት ገብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ እስኪበራ ድረስ አይታወቅም። የስንት ወር እቁብ በአንድ ጉድጓድ ይቀራል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ከጉዞው በፊት ያለው ነገር፣ አመራረጡ ነው። በቅርቡ እዚሁ ሰፈራችን ኮልፌ ቀራንዮ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው 55 ኢንች ላይ ዓይኑን ጥሏል።

«ወንድሜ፣ አሁን ሃምሳ አምስት ማን ይገዛል?» አለው ሻጩ። «ስልሳ አምስቱን ውሰድ፣ ልዩነቱ እኮ ብዙ አይደለም።»

«ቤታችን ጠባብ ነው» አለች ሚስትየው ቀስ ብላ።

«እህቴ፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው። ቦታ አይዝም!»

ባልየው ሳቀ፤ እሷ ዝም አለች። ሶፋው ከግድግዳው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ሻጩ አልጠየቀም፣ እነሱም አልተናገሩም። ንግግሩ ሁሉ ስለ ኢንች፣ ስለ «ስማርት» እና ስለ «ፍሬምለስ» ነበር። ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተነሣም።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን በእርግጥ ቦታ አይዝም? ወለሉን አይዝ ይሆናል። ከፊቱ ያለውን ርቀት ግን ይይዛል። የኢንቹ ቁጥር የሚለካው ከማዕዘን ማዕዘን ነው፤ 55 ኢንች ማለት ወደ 140 ሴንቲሜትር፣ 65 ኢንች 165 ሴንቲሜትር፣ 75 ኢንች ደግሞ 190 ሴንቲሜትር ነው። በሙያው ዘንድ የታወቀ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ፤ ከሚቀመጡበት እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት በሴንቲሜትር ለክቶ ለ1.6 ማካፈል። ሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ካለ 156 ሴንቲሜትር ይመጣል፤ ያ ከ65 ኢንች በታች ነው። ሁለት ሜትር ብቻ ከሆነ 125 ሴንቲሜትር ነው፤ ያ 50 ኢንች እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የሚኪሊላንድን የኮንዶሚኒየም ሳሎን ወይም በአጠና ተራ ዙሪያ ያለውን የቀበሌ ቤት ያስቡት። ሶፋ፣ ቡፌና ጠረጴዛ ከገቡ በኋላ ከዓይን እስከ ግድግዳ የሚተርፈው ስንት ነው? ሁለት ሜትር የማይሞላባቸው ብዙ ቤቶች ገብቻለሁ። ሕፃናቱ ደግሞ ከሶፋው ፊት ምንጣፍ ላይ ስለሚቀመጡ ከዚያም ይቀርባሉ።

ርቀቱ ቢበቃ እንኳ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ በስክሪኑ ላይ ምን ልናይበት ነው? ፎር ኬ የሚባለው ቴሌቪዥን ከላይ እስከ ታች 2,160 የነጥብ መስመሮች አሉት። የድሮው የቴሌቪዥን ምስል ግን 576 መስመር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ አንዱን መስመር አራት ገደማ አድርጎ ይለጥጠዋል። መደብር ውስጥ የሚታየው የአበባና የባሕር ፊልም ለዚያው ስክሪን ተብሎ የተቀረጸ ነው። ቤት ስንደርስ የምንከፍተው ግን የቆየ ድራማ፣ የማኅደር ዘፈን፣ ከዓመታት በፊት የተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ኢትዮሳት ከመጣ ወዲህ የብዙ ጣቢያዎቻችን ምስል ጠርቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ቢሆንም በድሮ ካሜራ የተቀረጸ ነገር ስክሪኑ ስለሰፋ አይጠራም። ይልቁንም እንከኑ አብሮ ይሰፋል። ብዙ ሰው ታዲያ «ቴሌቪዥኑ አይረባም» ብሎ ሻጩን ያማርራል፤ ወይም ባለሙያ ጠርቶ ዲሹን ያስነካካል። «ስማርት» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቤቱ ውስጥ ቋሚ ኢንተርኔት ከሌለ፣ በስልክ ዳታ ፊልም ለማየት መሞከር ጥቅሉን በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ለዚያ ቤት ሪሲቨሩ ከውስጥ የተገጠመለት ቴሌቪዥን የበለጠ ይጠቅመው ነበር። ይህን ግን ማን ነገረው?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በቂ መረጃ ማለት የኢንች ቁጥር ብቻ ነው? ሻጩ «ስንት ሜትር ላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት?» ብሎ ቢጠይቅ ገበያው አይጎድልበትም፤ ደንበኛ ያተርፋል እንጂ። እኛም ብንሆን የልብስ ስፌት ሜትር ይዘን ሳሎናችንን ለክተን፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን መሄድ ምን ያህል ይከብዳል? ያቺ ሚስት «ጠባብ ነው» ያለችውን በሴንቲሜትር ብትናገረው ኖሮ፣ በሳቅ የሚያልፋት አልነበረም።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር አልፏል። ቴሌቪዥን ደግሞ የዶላር ዕቃ ነው። እዚሁ አገር ውስጥ ቢገጣጠምም ስክሪኑ ከውጭ ይመጣል። ስለዚህ በ55 እና በ65 ኢንች መካከል ያለችው ያቺ «ብዙ ያልሆነች ልዩነት» የአንድ ተማሪ የትምህርት ቤት ክፍያ ልትሆን ትችላለች። እቁብ ደርሶት ያንን ሁሉ ስክሪን ላይ አፍስሶ፣ ለቀረው የእቁብ ክፍያ ከሥራ ባልደረባው የተበደረ ሰው አውቃለሁ። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ብዙ ሰው ትልቅ ስክሪን ሲገዛ የሚፈራው የመብራት ክፍያውን ነው። እዚህ ላይ ፍርሃቱ ያለ ቦታው ገብቷል። አንድ 65 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን 150 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ይደርሳል። አደጋው ያለው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሰፈራችን እንደሚያውቀው መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ኃይሉ አይሎ ነው የሚመለሰው፤ አምፖሉ ደምቆ ተርገብግቦ ይረጋጋል። በዚያች ቅጽበት የቴሌቪዥኑ ፓወር ቦርድ ይቃጠላል። ጥገና ቤት ሄዳችሁ መደርደሪያው ላይ ተደግፈው የቆሙትን ስክሪኖች ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የዚህ ሰለባ ናቸው። ሆኖም ለስክሪኑ ያን ሁሉ ብር ያወጣ ሰው ስታብላይዘር ግዛ ሲባል «በኋላ» ይላል። ከፍሪጁና ከካውያው ጋር በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ ይሰካዋል። አሥር ኢንች ቀንሶ በተረፈው ብር ጥሩ ስታብላይዘር መግዛት አይሻልም ነበር?

ስለ ግድግዳውም ላንሣ፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነውና። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። የድሮዎቹ ቤቶች ደግሞ ጭቃና እንጨት ናቸው። ትልቁ ቴሌቪዥን ከነመስቀያው ሃያ ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ሁለት አጭር ፊሸር ብሎኬቱ ክፍት ላይ ከተመቱ ለጥቂት ወራት ይይዙና ቀስ በቀስ ይላላሉ። አንድ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ፣ ከስክሪኑ በላይ ያለው ልስን በጣት ስፋት ተሰንጥቆ፣ ነጭ ብናኝ ቡፌው ላይ ፈስሶ አይቻለሁ። ከሥሩ የሁለት ዓመት ልጅ በመኪና ይጫወታል። እናቲቱን ጠርቼ አሳየኋት፤ በዚያው ምሽት አወረዱት። ሰቃዩ የግድግዳውን ዓይነት ሳይጠይቅ ድሪሉን ከያዘ አስቁሙት። ቡፌ ላይ የሚቀመጥ ከሆነም ቡፌው ሰፊ ይሁን፣ ከኋላ በገመድ ይታሰር። ልጅ መሳቢያ ከፍቶ እንደ ደረጃ ሲወጣ ቡፌው ከነስክሪኑ ይወድቃል፤ በዓለም ዙሪያ ስንት ሕፃናት በዚህ ተቀጥፈዋል።

የቤታችን ሳሎን ለመሆኑ ለምንድን ነው? ለኢፍጣር ጎረቤት ይጠራበታል፣ ለፋሲካ ዳቦ ይቆረስበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ ለቅሶ ሲሆን ፍራሽ ይነጠፍበታል። ቴሌቪዥን አገራችን ውስጥ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ሲኖር ለረጅም ዘመን ሰውን ወደ አንድ ቤት የሚያመጣ ዕቃ ነበር። ያለው ሰው በሩን ይከፍታል፤ የሌለው ልጅ ሁሉ ይገባል፣ ሲሞላም በመስኮት ያያል። ያ ዘመን ይመለስ አልልም፤ ችግርም ነበረበት። ዛሬ ግን አንዳንድ ቤት ስገባ ሶፋው ሁሉ ወደ ስክሪኑ ዞሮ፣ ሰውና ሰው ፊት ለፊት የሚተያይበት መቀመጫ ጠፍቷል። ረከቦቱ ወደ ማድ ቤት በር ተገፍቷል። ቡና የምታፈላው እናት የምትቀመጥበት አጥታ በሩ ላይ ሆና ትቀዳለች። እንግዳውም ከባለቤቱ ጋር የሚያወራው አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ ነው።

ድምፁም አብሮ ያድጋል። ስክሪኑ ሲሰፋ ሰው ስፒከር ይጨምርበታል፤ በብሎኬት ግድግዳ የተለየ ጎረቤት ደግሞ ፊልሙን ሳያይ ይሰማዋል። ሰፈራችን ለቅሶ ሲኖር ቴሌቪዥን የሚያጠፋ ሰፈር ነው፤ ማንም ሳያዘው፣ በይሉኝታና በፍቅር። የታመመ ሰው፣ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የገባ ሰው፣ ለፈተና የሚያጠና ልጅ በየቀኑ ከግድግዳው ማዶ አለ። ለእነሱስ ያንኑ ማድረግ ያቅተናል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን ያደግን ሰዎች ነን።

አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። ያ ባለ ጀርባው ከባድ ቴሌቪዥን ለቁራሌው ይሰጣል፤ እሱም መስታወቱን ሰብሮ መዳቡን ያወጣል። መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ብናኙ በእጅና በትንፋሽ ይገባል፣ ስባሪው ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል። ወዴት? ረጲ፣ እኛ ቆሼ የምንለው ቦታ፣ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን የቀበረው እዚያ ነው። የከተማው ሁሉ ቆሻሻ በደጃችን ሲቆለል የኖርን ነዋሪዎች፣ የራሳችንን መርዝ በራሳችን እጅ ልንጨምርበት አይገባም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ አውጥቷል። በሰፈራችን መደብሮች ግን «አሮጌውን አምጡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አላየሁም። አዲሱን ቤታችን ድረስ የሚያመጣው መኪና ሲመለስ ባዶውን ነው የሚሄደው። ወረዳዎቻችንና ነጋዴዎቻችን ተነጋግረው፣ ያ መኪና አሮጌውን ይዞ እንዲመለስና በአግባቡ ወደሚፈታበት ቦታ እንዲያደርስ ቢያደርጉ ምን ይከብዳል?