ለጠመኔም የበረሃ አበል ይታሰብላት!

አንድ ካርቶን ጠመኔ መርካቶ በሚሸጥበት ዋጋ ሰቆጣ ይገኛል የሚል ነጋዴ ካለ ይምጣና ያሳየን። የለም! ጫኝና አውራጁ አለ፣ የአይሱዙው ኪራይ አለ፣ መኪና ከሚቆምበት ወዲያ ደግሞ የአህያው ጭነት አለ። ይህን የጎጃም በረንዳ ተሸካሚ ሁሉ ያውቀዋል። ያላወቀው በጀት ቀማሪው ብቻ ነው እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች የድጎማ ገንዘብ ሲያድል ስሌቱን ያቆመው በተማሪ ቁጥር ላይ ነው። ይህን ያህል ተማሪ፣ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ብር፣ አለቀ። ከአስፋልት ዳር ያለውም፣ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬደውም በአንድ ቁና ተሰፈረላቸው። ለስሙ እኩልነት ነው። ጃን አሞራ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ ትምህርት ቤት ግን ሁለት ጊዜ ትቀጣለች፤ ተማሪዋ ጥቂት ስለሆነ ብሩ ያንሳል፣ ያነሰውን ብር ደግሞ መንገድ ይበላዋል። ጥቁር ሰሌዳ እንደሆነ 30 ልጅ ቢቀመጥም 80 ያው አንድ ነው፤ ዋጋው አይቀንስ!

በ2010 ዓ.ም. በጀመረው ምዕራፍ ለአፋር፣ ለሶማሌና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተጨማሪ ድጎማ መታሰቡን አንክድም። ደግ ተደረገ። ይሁንና ርቀት የክልል ስም አይደለም። ጅግጅጋ ከተማ መሃል ያለ ትምህርት ቤትና ከጎዴ ወዲያ ያለው አንድ አይደሉም። ዋግ ኽምራስ የማን ልጅ ነው?

በዚያ ላይ ነዳጁ አለ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በ2017 አጋማሽ አንድ ሊትር ናፍጣ 100 ብር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ይህ ጭማሪ በጣም የሚከብደው መንገዱ በረዘመበት ነው።

መንግሥት ቆላ ለሚልከው ሠራተኛ የበረሃ አበል ይከፍላል። ቦታ ወጪ እንዳለው ያውቃል ማለት ነው! ታዲያ ለሰው የገባው ለደብተርና ለጠመኔ ሲሆን ለምን ይጠፋዋል?

«ሁሉም ሩቅ ነኝ ይላል» የሚል መልስ እንጠብቃለን። ከትምህርት ቤቱ እስከ ክረምት ከበጋ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ መለካት ግን የጠፈር ሳይንስ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 62 የድጎማ ቀመሩን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል፤ ለወረዳ የሚያከፋፍሉት ደግሞ ክልሎች ናቸው። የክልል ምክር ቤቶች በሚቀጥለው በጀት ከተማሪው ቁጥር ጎን ኪሎ ሜትሩን ይጻፉልን።