የብሩሽ ጠባሳ የእጅ ፊርማ አይደለም

በዋንዛ ጠረጴዛ ላይ እንደ እርሻ ትልም ተጋድሞ የሚታየውን የብሩሽ ፈለግ «የእጅ ሥራ ምልክት ነው» እያሉ የሚያሞካሹ አሉ። ይህ ለጥበብ የቆመ መስሎ ጥበብን የሚያዋርድ አባባል ነው፤ ፈለጉ የሚመሰክረው ስለ እጅ ሳይሆን ስለ ችኮላ ነውና።

በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ እንደ ዘይት ቫርኒሽ ታጋሽ አይደለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ መርጋት ይጀምራል። በረጋው ገጽ ላይ ብሩሹን የሚመልስ ሰው ትልሙን በገዛ እጁ ያርሳል። የእንስሳ ጠጉር ብሩሽም ውኃ ጠጥቶ ይልፈሰፈሳል፤ ለዚህ ሥራ የሚገባው ናይለን ነው።

ዐዋቂው አስቀድሞ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፤ የቆመውን ቃጫ ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቫርኒሹን ሳይንጥ በቀስታ ያማስላል፤ አረፋ ጠላቱ ነውና። ከዚያም ስስ አድርጎ፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ፣ የቀባው ጠርዝ ሳይደርቅ ከዳር እስከ ዳር ይስባል፤ አይመለስበትም። ሲደርቅ ቀለል አድርጎ አሽቶ ይደግማል።

ዋንዛው ያን መልክ ያወጣው ብዙ ዓመታት ቆሞ ነው። የሠሪው ክብር መልኩን መግለጥ እንጂ በላዩ መፈረም አይደለም። ጉድለትን ጌጥ ብሎ ለለማጅ ማስተማር ግን ሙያን ከነነፍሱ መቅበር ነው።