የዐውሎ ነፋስ ዕድሜና የእንጦጦ ውኃ

በጉለሌ የሚኖር ሰው የክረምትን ዝናም አመጣጥ የሚያውቀው ሽቅብ ወደ እንጦጦ በመመልከት ነው። ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፤ ሰማዩም ጥርት ብሎ ያረፍዳል። ወደ ቀትር ግድም ከተራራው በላይ ነጭ ደመና ይቆለላል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ጠቍሮ፥ ነጐድጓዱ አጕረምርሞ፥ ዝናሙ ከነበረዶው በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። በየዓመቱ የምናየው ነገር ስለ ሆነ ብዙም አያስደንቀንም። ይሁን እንጂ ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናም፥ በሩቅ ባሕር ላይ ተነሥቶ ከተማ ከሚያፈርሰው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ጋራ በባሕርዩ ዝምድና አለው። ሁለቱም ይወለዳሉ፥ ያድጋሉ፥ ይጐለምሳሉ፥ ይሞታሉም። በዚህ ወር ስለ ዕድሜያቸው ጥቂት እንጽፋለን። ይህንንም የምናደርገው ዕውቀትን ለማስፋት ብቻ ሳይሆን፥ ነፋሱ ጸጥ ያለበትና ዝናሙ ያባራበት ጊዜ ሁልጊዜ አደጋው ያለፈበት ጊዜ አለመሆኑን ለቤተ ሰብ ሁሉ ለማስታወስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ታላቁ ዐውሎ ነፋስ እንናገር። ይህ ነፋስ በምዕራባዊው ፓስፊክ ውቅያኖስ፥ በጃፓንና በፊሊፒንስ በኩል ሲነሣ ታይፉን ይባላል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ፥ በአሜሪካ በኩል ሲነሣ ሃሪኬን ይሉታል። በህንድ ውቅያኖስ ሲነሣ ደግሞ ሳይክሎን ይባላል። ስሙ ሦስት ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

የሚወለደው በሞቃት ባሕር ላይ ነው። የባሕሩ ውኃ ሙቀት ከ26 ዲግሪ በላይ ሲሆን፥ ሙቀቱም ከላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጥልቁም ሲዘልቅ፥ ከውኃው ላይ ብዙ እንፋሎት ይነሣል። የእንፋሎት ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ እናቶች ከወጥ ቤት ያውቁታል። የሚፈላ ድስት ሲከደን እንፋሎቱ ከክዳኑ ሥር ተመልሶ ውኃ እየሆነ ይንጠባጠባል። እንፋሎት እጅን ሲመታ ከፈላ ውኃ ይልቅ አብዝቶ የሚያቃጥለው፥ ወደ ውኃነት በሚመለስበት ጊዜ ተሸክሞት የነበረውን ሙቀት ሁሉ ስለሚለቅ ነው። በባሕርም ላይ የሚሆነው እንዲሁ ነው። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ሙቀቱን ይለቃል፤ ሙቀቱ አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በሥሩ ባዶ የቀረውንም ቦታ ለመሙላት ከዙሪያው ሌላ እርጥብ አየር ይሮጣል። እንግዲህ ማገዶው ሞቃት ውኃ ነው ማለት ነው።

ዕድገቱ ከዚህ ይቀጥላል። ምድር በዛቢያዋ ላይ ስለምትዞር፥ ወደ መካከል የሚሮጠው አየር ቀጥ ብሎ አይደርስም፤ ተጣሞ መሽከርከር ይጀምራል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ባለው ክፍል የሚሽከረከረው ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒው ነው፤ በስተ ደቡብ ግን እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። በምድር ወገብ አጠገብ ይህ የማጣመም ኀይል እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፥ ዐውሎ ነፋስ በዚያ አይወለድም ለማለት ይቻላል። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የራሱ ስም ይወጣለታል፤ ከ118 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ደግሞ ታይፉን ለመባል ይበቃል።

ዐውሎው በጐለመሰ ጊዜ በመካከሉ ዓይን ይከፈትለታል። ይህ ዓይን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጸጥተኛ ቦታ ነው። በዙሪያው ግን ነፋሱና ዝናሙ ከሁሉ የበረታበት የደመና ግድግዳ ቆሟል። ዓይኑ በአንዲት ከተማ ላይ ሲያልፍ ነፋሱ በድንገት ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰማይ ይታያል። ይህን ባሕርይ የማያውቅ ሰው «አለፈልን» ብሎ ጣራውን ሊያይ፥ ዘመዱንም ሊጠይቅ ይወጣል። ጥቂት ቈይቶ የግድግዳው ሌላው ወገን ሲደርስ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ ተመልሶ፥ ሜዳ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይመታል።

ነፋሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የውኃው ይብሳል። ዐውሎው የባሕሩን ውኃ ገፍቶ ወደ የብስ ያወጣዋል። ጥቅምት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ሃያን የተባለው ታይፉን ፊሊፒንስን በመታ ጊዜ፥ ታክሎባን በተባለችው ከተማ ብዙውን ሰው ያጠፋው እንዲህ ሆኖ የገባው ባሕር ነበር። በሀገሪቱ በጠቅላላው ከ6000 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ዐውሎ ነፋስ የሚሞተው ወደ የብስ በገባ ጊዜ ነው። ከሞቃቱ ውኃ ሲለይ ማገዶ እንዳጣ እሳት ይደክማል፤ ተራራም ያጋጠመው እንደ ሆነ ቶሎ ይበተናል። ነገር ግን የተሸከመው ውኃ ከርሱ ጋራ አይጠፋም፤ በሞቱ ጊዜ ያፈሰዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው ሳይክሎን በሞዛምቢክ የቤይራን ከተማ መትቶ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ፥ ነፋሱ ደክሞ ሳለ፥ ቡዚና ፑንግዌ የተባሉት ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ባሕር አስመሰሉት። በሞዛምቢክ፥ በዚምባብዌና በማላዊ ከ1000 በላይ ሰዎች ሞቱ።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ለደገኞች ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ዐውሎ ነፋስ በሙሉ ኀይሉ አዲስ አበባ ሊደርስ አይችልም፤ ባሕሩ ሩቅ ነው፥ ተራራውም ብዙ ነው። ነገር ግን ጫፉ ሀገራችንን የነካበት ጊዜ አለ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ፥ ግንቦት 11 ቀን የሶማሌላንድን ምዕራባዊ ጠረፍ መታ። በሰሜናዊው የህንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት ሁሉ እስከዚያ ድረስ ወደ ምዕራብ ርቆ የብስ የነካ አልነበረም። በዚያ ጠረፍና በጅቡቲ ጐርፍ አደረሰ፤ ነፋሱ ከሞተም በኋላ ዝናሙ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ዘለቀ።

ጐርፍ ግን የግድ ዐውሎ ነፋስን አይጠብቅም። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በድሬዳዋ በሌሊት የደረሰው መዓት የመጣው ከዚሁ ከክረምቱ ዝናም ነው። ዝናሙ ከከተማዪቱ በላይ ባለው በሐረርጌ ደጋ ላይ በርትቶ ወረደ፤ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ ወንዝም ሞልቶ በተኙት ሰዎች ላይ ደረሰባቸው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩትም ቤት አልባ ሆኑ። ዝናሙ የወረደው በላይ፥ ሰው የሞተው በታች መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ጉለሌ እንመለስ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። እርጥቡ አየር ከተራራው ሲጋጭ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል፤ ወጥቶም ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ይህም ደመና እንደ ታይፉኑ ሦስት ዘመን አለው። በመጀመሪያው ዘመን አየሩ ወደ ላይ ብቻ ይወጣል፤ ዝናም የለም። በሁለተኛው ዘመን ዝናም፥ በረዶ፥ መብረቅም አንድነት ይሆናሉ። በሦስተኛው ዘመን የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር የሚወጣውን ሞቃት አየር ያፍነዋል፤ ደመናውም ይሞታል። ታይፉን ሳምንትና ከዚያም በላይ ሲቈይ፥ የአንዱ ደመና ዕድሜ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

የእንጦጦ ጫፍ ውኃ የሚለያይበት ስፍራ ነው። በስተ ሰሜን የወረደው ዝናም ወደ አባይ ይሄዳል፤ በስተ ደቡብ የወረደው ግን በቀጨኔ፥ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ፥ በከተማችን መካከል አልፎ፥ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። መጠኑንም እናስላው። በአንድ ጋሻ መሬት፥ ማለት በ40 ሄክታር ላይ፥ 50 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 20 ሺህ ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 100 ሺህ ጊዜ ይሞላል። እንጦጦ ደግሞ ብዙ ጋሻ ነው። ሣርና ቍጥቋጦ ያለበት መሬት ከዚህ ውኃ ብዙውን ይጠጣል፤ የተራቈተ መሬት፥ የቆርቆሮ ጣራና አስፋልት ግን ሁሉንም ወደ ወንዙ ይልኩታል። በጉለሌ የዕፅዋት ማእከል እንደ ጽድ፥ ወይራና ኮሶ ያሉ የሀገር ዛፎች መተከላቸው ለዐይን ውበት ብቻ አይደለም፤ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፥ ውኃውንም ያዘገያል።

እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው። በተራራው የወረደው ውኃ ወደ ታች ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዝናሙ በሰፈራችን ካባራ በኋላ፥ ፀሐይም ከወጣች በኋላ፥ ወንዙ ገና ሊሞላ ይችላል። ልጆች ከመጠለያ ወጥተው ወደ ቤት የሚሮጡት፥ በሰኔና በመስከረም ከትምህርት ቤት የሚመለሱት፥ በሐምሌና በነሐሴም ለመላላክ የሚወጡት በዚህችው ጊዜ ነው። ይህች ጸጥታ የእኛ የዐውሎ ዓይን ናት።

ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፥ ውኃው ደፍርሶና ድምፁ በርትቶ ሳለ ልጆች ወንዝ እንዳይሻገሩ በብርቱ ይነገራቸው። እስከ ጕልበት የሚደርስ ፈጣን ጐርፍ ጐልማሳውን ሰው እንኳ ይጥላል። በድልድይ መዞር ቢያረፍድም፥ «ዘግይተህ ለምን መጣህ?» ተብሎ የሚቀጣ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ቍጣውን ፈርቶ በውኃው ይገባልና፥ ስለ ጐርፍ የዘገየ ልጅ አይቀጣ።

ሁለተኛ፥ ዝናሙ ሳይጀምር የየደጁ ቦይ ይጠረግ። ቈሻሻ በቦይና በወንዝ ውስጥ አይጣል፤ አንዱ የጣለው ፌስታል የሌላውን ቤት በውኃ ያስሞላል።

ሦስተኛ፥ ቤታቸው በወንዝ ዳር የሆነ ቤተ ሰቦች፥ ዝናም በበረታበት ሌሊት ከመካከላቸው አንድ ሰው በተራ ይንቃ። የሚሸሹበትንም ከፍተኛ ቦታ አስቀድመው ይወስኑ። በላይ ያለ ጐረቤት ውኃው ሲሞላ በታች ላለው እንዲደውልለት ወይም እንዲጮኽለት በዕድር መስማማት ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ርዳታ ነው።

አራተኛ፥ ነጐድጓድ ሲሰማ በእንጦጦ ዛፎች ሥር መጠለል አይገባም፤ መብረቅ ረጅሙን ይመርጣልና። ጭራሮ ለመልቀም የሚወጡ እናቶች ደመናው ሳይጠቍር ቢወርዱ ይበጃቸዋል።

የቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርሰዋል። በሰዉ ዘንድ ግን ቡሄ ካለፈ ክረምት እንደሌለ ይነገራል። ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝናም ግን ለወሩ የጠገበውን መሬት ስለሚያገኝ፥ መጠኑ ቢያንስ እንኳ ወንዙን ቶሎ ይሞላዋል። ስለዚህ ጥንቃቄያችን ከችቦው ጋራ አይጥፋ፤ ልጆቻችን አበባይሆሽን በሰላም ዘፍነው፥ መስቀልንም አይተው እስኪመለሱ ድረስ ይቈይ።