ደመወዝ አነሰ አትበሉኝ

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ገንዘብ ያዥ አጎደለ ሲባል የሚሰማው ያው ነው፤ «ምን ያድርግ፣ ደመወዙ አይበቃው!» እኔ አልቀበለውም። ይኸው ሰው የዕቁብ ዳኛ ሲሆን ብሩን አይነካም። ደመወዙ እኮ አልጨመረም! የዕቁቡ ብር ግን ባለቤት አለው፤ በየሳምንቱ ፊት ለፊት ይቆጠራል። የመሥሪያ ቤቱ ካዝና ኦዲተር እስኪመጣ ማን ያየዋል?

አሜሪካዊው ዶናልድ ክሬሲ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገንዘብ አጉድለው የታሰሩ ብዙዎች «ተበደርሁ እንጂ አልሰረቅሁም» ብለው ራሳቸውን ያሳምኑ እንደነበር ጽፏል። እኛ ጋ እሱም አያስፈልግ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን።

ላልተሄደበት የመስክ ሥራ ውሎ አበል ሲፈረም የሚያይ ጀማሪ ሠራተኛስ ምን ይማር? ፈራሚው አለቃው ነው፤ ደመወዙም ከሁሉም ይበልጣል።