የገፈርሳ መራጭ የማያየው ሒሳብ

ስለ ምርጫ ገንዘብ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማው መልስ አለ፦ «የእኛ ምርጫ እንደ አሜሪካ የገንዘብ ምርጫ አይደለም፤ ደሃ ፓርቲ ምን ሪፖርት ያደርጋል?» ይህን የሚሉት የገዢው ፓርቲ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ባልገረመኝ። የተቃዋሚ ደጋፊዎችም ይሉታል፤ የተማሩ ሰዎችም ይሉታል። አሳሳች አስተሳሰብ ነው። ዕጩዎች ሒሳባቸውን ሳይጠየቁ ምርጫ በምርጫ ላይ እንዲያልፍ ምቹ ሁኔታ የፈጠረውም እሱ ነው።

በቅስቀሳ ሰሞን በአምቦ መንገድ ወጥቶ ቡራዩንና አሸዋ ሜዳን አልፎ እስከ ገፈርሳ ግድብ የሚዘልቅ ሰው ገንዘቡን በዓይኑ ያየዋል። ባነሩ፣ ካኒቴራውና ኮፍያው፣ ሞንታርቦ የጫነው አይሱዙ፣ ደጋፊ የሚያመላልሰው ሚኒባስ፣ አዳራሹ፣ ነዳጁ፣ የአስተባባሪዎቹ ውሎ አበል ሁሉ ዋጋ አላቸው። ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ በዓይነት የሚመጣ ስለሆነ ብቻ ገንዘብ እንዳልሆነ እንቆጥረዋለን።

ሕጋችን ባዶ ነው አልልም። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋና ከውጭ መንግሥት፣ ከሃይማኖት ድርጅት፣ ማንነቱ ካልታወቀ ለጋሽ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ሒሳባቸውን በየዓመቱ በኦዲተር አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡም ያዛል። የመንግሥትን ንብረትና ሥልጣን ለቅስቀሳ ማዋልን ይከለክላል። የአዋጁ አርቃቂዎች አደጋውን በሚገባ ተረድተውታል። ችግሩ ይህ ሒሳብ በዋናነት የሚጠየቀው ከፓርቲው ዋና መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው። የአንድ ዓመት የሀገር አቀፍ ሒሳብ በአንድ የምርጫ ክልል፣ በሁለትና ሦስት የቅስቀሳ ወራት ማን ለማን ምን እንዳደረገ አይናገርም። የሚቀርበውም ለቦርዱ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በስድስተኛው ምርጫ ካርዱን ይዞ የተሰለፈ መራጭ የዕጩውን ለጋሾች የሚያነብበት አንዲት ገጽ እንኳ በምርጫ ጣቢያው ደጃፍ አልተለጠፈችለትም።

ይህ የትም ቢሆን ጉድለት ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ግን ከጉድለትም በላይ ነው። እዚህ ሥልጣን ማለት መሬት ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጀው ማስተር ፕላን ጥር 2008 ላይ እስኪሰረዝ ድረስ የስንቱን ወጣት ሕይወት እንዳስከፈለ የማያስታውስ የለም። በ2015 እነዚህ ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለሉ፤ በዚያው ዓመት የብዙ ሰው ቤት ፈረሰ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርት አወጣ። የሊዝ ውል፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የድንጋይ ካባ ፈቃድ፣ ሁሉም የሚያልፈው በአስተዳደሩ እጅ ነው። ለዚህ አስተዳደር ፓርቲ አንድ ባለ ፋብሪካ መኪና ሲያውስ፣ አንድ ቤት ገንቢ ድርጅት የስብሰባ ወጪ ሲሸፍን፣ ነዋሪው በኋላ ከሚሰጠው ቦታና ከሚፈርሰው ቤት ጋር አያይዞ የማየት መብት አለው። ድጋፉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው ግን ሲታይ ነው። የአካባቢ ምርጫ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 እንደሆነ ስናስብ ደግሞ፣ መሬቱን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች ነዋሪው በድምፁ የሚቀጣበት ዕድል እንኳ ለዓመታት አልነበረውም።

ትልቁ ለጋሽ ግን ባለሀብቱ አይመስለኝም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ነው። በ2002ቱ ምርጫ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ቡድን በብዙ ቦታ የመንግሥት ሀብት ለገዢው ፓርቲ ቅስቀሳ ሲውል እንደነበር መስክሯል፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያን ጊዜ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። ከኢሕአዴግ አባል ፓርቲዎች ጋር የተቆራኙት የንግድ ተቋማት፣ ትእምት፣ ጥረት፣ ቱምሳና ወንዶ፣ «የሕዝብ ሀብት» እየተባሉ ከፓርቲዎቹ ጎን ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። የፓርቲ ኦዲት ይህን ሁሉ አላሳየንም፤ የሚቆጥረው ወደ ፓርቲው ካዝና የገባውን ነውና። የመንግሥት መኪና ነዳጅ፣ በሥራ ሰዓት ለቅስቀሳ የወጣ ሠራተኛ ደመወዝ፣ በነፃ የተሰጠ አዳራሽ ካዝና ውስጥ አይገቡም።

የለጋሾችን ስም ይፋ በማድረግ ላይ አንድ ከባድ መቃወሚያ አለ፤ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ጽሕፈት ቤታችን ተዘግቷል፣ አባሎቻችን ታስረዋል ብለው የ2013ቱን ምርጫ ሳይሳተፉበት ቀሩ። የኦነግ አመራሮች ፍርድ ቤት ይፈቱ ካለ በኋላም እዚሁ ቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ለዓመታት ታስረው ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ከተማ ለተቃዋሚ አምስት ሺህ ብር ያዋጣ ነጋዴ ስሙ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ምን ያገኘዋል? ስጋቱ እውነተኛ ነው። ለዚህ ነው ደንቡ የለጋሽ ስም የሚገለጽበት መነሻ መጠን የሚያስፈልገው። ደቡብ አፍሪካ የፓርቲ ገንዘብ ሕጓን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ሥራ ላይ ስታውል ከ100,000 ራንድ በላይ የሰጠ ብቻ በስሙ እንዲገለጽ አደረገች። እኛም የትንንሹን ለጋሽ ስም መተው፣ ትልቁን ለጋሽና ከመንግሥት መሬት፣ ፈቃድ ወይም ጨረታ የሚጠብቀውን ሁሉ ግን በስም መግለጽ እንችላለን። ደግሞም ሥልጣን ላይ ያለው ወገን ማን ለተቃዋሚ እንደሰጠ የሚያውቅበት መንገድ አያጣም። ዛሬ በጨለማ ያለው መራጩ ብቻ ነው።

ሕግ ማውጣት ብቻ እንደማይበቃ ኬንያ ታስተምራለች። ዕጩዎች የቅስቀሳ ሒሳብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣች። ለ2017ቱ ምርጫ አዘገየችው፤ ለ2022ቱም ፓርላማው ዝርዝር ደንቡን ውድቅ አደረገው። ራሳቸው የሚወዳደሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው ሒሳብ እንዲወስኑ ሲተው የሚሆነው ይህ ነው። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱን ዕጩ ወጪውን እንዲያሳውቅ አስገድዳለች፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ስለዚህ አቅም የለንም የሚለው ሰበብ አያሳምነኝም።

ምርጫ ቦርድ የድምፅ ውጤትን በየጣቢያው በር ላይ ይለጥፋል። በዚያው በር ላይ፣ ከድምፅ መስጫው ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ገጽ ሒሳብ ይለጠፍ፦ የተቀበለው ገንዘብ፣ በዓይነት ያገኘው ድጋፍ በብር ተተምኖ፣ የትልልቅ ለጋሾቹ ስም፣ የተጠቀመበት የመንግሥት መኪናና አዳራሽ፣ የከፈለበትም ኪራይ። ያላቀረበ ዕጩ ካለ ስሙ «አላቀረበም» ተብሎ እዚያው ይለጠፍ።