ማስጠንቀቂያን በጊዜው ስለ መስማት

የሰው ልጅ ጥበብ እያደገ በሄደ መጠን ከጥበቡ ጋራ አብሮ የሚወለድ አደጋ መኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህም ብልህ ሰው አዲስ ነገር ባወጣ ጊዜ ጠባቂ ያበጅለታል። ነገር ግን ጠባቂው ሲጮህ የሚሰማው ካልተገኘ ማቆሙ ከንቱ ድካም ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን፥ አኤሮፕላኖች በሰማይ እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ የተሠራው የማስጠንቀቂያ መሣሪያና ሰዎች ለእርሱ የሚሰጡት ምላሽ ነው።

መሣሪያው ቲካስ ይባላል። አኤሮፕላኑ በአቅራቢያው የሚበረውን ሌላ አኤሮፕላን በሬዲዮ ይጠይቃል፤ በዚያኛው ላይ ያለው መላሽ መሣሪያም ከፍታውን ይነግረዋል። ከዚህም መልስ ርቀቱንና የመቀራረባቸውን ፍጥነት አስልቶ፥ የሚያሰጋ ሁኖ ያገኘው እንደ ሆነ በመጀመሪያ ነጂዎቹን በድምፅ ያሳስባል። አደጋው እየቀረበ ከሄደ ግን ማሳሰቡን ትቶ «ውጣ» ወይም «ውረድ» ብሎ ያዛል። ሁለቱም አኤሮፕላኖች ይህ መሣሪያ ያላቸው እንደ ሆነ፥ መሣሪያዎቹ ተመካክረው አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ይመራሉ። ከትእዛዙ በኋላ ለግጭት የሚቀረው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ብዙ የማይበልጥ ስለ ሆነ፥ ነጂው በ5 ሰከንድ ውስጥ መታዘዝ እንዲጀምር ይጠበቅበታል።

መሣሪያው አንድ ነገር፥ ከምድር ሁኖ በሬዲዮ የሚመራው ተቆጣጣሪም ሌላ ነገር ያዘዙ እንደ ሆነ ለማን መታዘዝ ይገባል? የዚህ ጥያቄ መልስ በብዙ ደም ተገዝቷል። በ1994 ዓ.ም. ሰኔ 24 ቀን ሌሊት በጀርመን አገር በኡበርሊንገን ከተማ ላይ፥ ከሞስኮ ወደ ባርሴሎና የሚሄድ የሩስያ አኤሮፕላንና አንድ የጭነት አኤሮፕላን በአንድ ከፍታ ተቀራረቡ። በዙሪክ ብቻውን ይሠራ የነበረው ተቆጣጣሪ የሩስያውን «ውረድ» አለው፤ ወዲያውም መሣሪያው ያንኑ አኤሮፕላን «ውጣ» አለው። ነጂዎቹ የሰውን ቃል ተከትለው ወረዱ። የጭነቱም ነጂዎች መሣሪያቸውን ታዘው ወረዱ። ሁለቱም ተጋጭተው 71 ሰዎች አለቁ፤ ከእነዚህም 52ቱ ልጆች ነበሩ። ተቆጣጣሪው መሣሪያው ያዘዘውን አላወቀም ነበር። ራዳሩም ሥዕሉን የሚያድሰው ጥቂት ሰከንዶች እየቆየ ሲሆን፥ መሣሪያው ግን በየሰከንዱ ያያል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንቡን ግልጽ አደረገ፤ ይኸውም ነጂው ከመሣሪያው ትእዛዝ በተቃራኒ ከቶ እንዳይሄድ፥ ተቆጣጣሪውም ነጂው ከአደጋው መውጣቱን እስኪነግረው ድረስ መንገዱን ለመለወጥ እንዳይሞክር ነው።

ይህን ደንብ ለመጠበቅ እጅግ የሚያስቸግረው ግን በማረፊያው አጠገብ ነው። በዚያ ብዙዎች በጠባብ ስፍራ ይሰበሰባሉና መሣሪያው ይጮሃል፤ ነጂውም «በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ቸል ለማለት ይፈተናል። ዓይን ግን ያታልላል። በ1971 ዓ.ም. መስከረም ወር፥ መሣሪያው በመንገደኞች አኤሮፕላን ላይ ገና ሳይገባ፥ በአሜሪካ አገር በሳን ዲየጎ ለማረፍ የተቃረቡ ነጂዎች ከፊታቸው ያለውን ትንሽ አኤሮፕላን አይተነዋል ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ከዓይናቸው ጠፋና ተጋጭተው 144 ሰዎች ሞቱ።

የነጂው መታዘዝ ብቻውንም አይበቃም። በ2017 ዓ.ም. ጥር 21 ቀን በዋሽንግተን ከተማ ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኞች አኤሮፕላንና የጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር በፖቶማክ ወንዝ ላይ ተጋጭተው 67 ሰዎች ሞቱ። የሄሊኮፕተሩም ነጂዎች አኤሮፕላኑን አይተነዋል ብለው ነበር። በአኤሮፕላኑ ውስጥ ከግጭቱ 20 ሰከንድ ያህል አስቀድሞ የመጀመሪያው ማሳሰቢያ ተሰማ፤ ትእዛዙ ግን አልተከተለም። መሣሪያው ከምድር በላይ 1,000 ጫማ ያህል ከሆነው ከፍታ በታች እንዳያዝ ሁኖ የተሠራ ነውና፤ ግጭቱም በ300 ጫማ ያህል ከፍታ ላይ ደረሰ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመረመረ ጊዜ የተገኘው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2011 እስከ 2024 በዚያ ማረፊያ አጠገብ መሣሪያው በሄሊኮፕተር ምክንያት ቢያንስ በየወሩ አንድ ጊዜ ትእዛዝ ሲሰጥ ኖሯል። ከጥቅምት 2021 እስከ ታኅሣሥ 2024 ድረስም አኤሮፕላንና ሄሊኮፕተር ያለ ልክ የተቀራረቡበት ጊዜ 15,214 ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 85ቱ እጅግ የሚያስፈራ ነበር። የሄሊኮፕተሩም መንገድ አኤሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ከሚወርድበት መንገድ በከፍታ የሚለየው በአንድ ስፍራ 75 ጫማ ብቻ ነበረ። ያ መንገድ የተዘጋው ከአደጋው በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ አንዱ ማስጠንቀቂያ ሁለት ጆሮ የሚፈልግ መሆኑን እናስተውል። የመጀመሪያው የነጂው ጆሮ ነው፤ እርሱ ሳይከራከር ወዲያው ይታዘዝ። ሁለተኛው የሹሙ ጆሮ ነው። በየወሩ ነጂዎች ታዝዘው በሰላም ዐርፈዋል፤ ነገሩም ተመዝግቧል፤ ነገር ግን የተመዘገበውን ደምሮ መንገዱን በጊዜው የለወጠ ሹም አልተገኘም። አደጋ ሳይደርስ የቀረበት ቀን ሁሉ የደኅንነት ማስረጃ መስሎ ታየ፤ በእውነቱ ግን የመጪው አደጋ ምስክር ነበረ።

የአዲስ አበባ ቦሌ ማረፊያም ከብዙ አገር የሚመጡ መንገደኞች የሚገናኙበት በመሆኑ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ነጂ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ ብሎ ሲያመለክት እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ታማኝ ምስክር ሊቈጠር ይገባዋል፤ ቅጣትን ፈርቶ ዝም ያለ እንደ ሆነ መዝገቡ ባዶ ሁኖ ይቀራልና። ሹምም ተመሳሳይ አቤቱታ ከአንድ ስፍራ ደጋግሞ ሲመጣለት «እስከ ዛሬ ምን ደረሰ?» ብሎ ወረቀቱን ከማስቀመጥ ይልቅ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ መነሻውን ይመርምር። በሰላም ያረፈው አኤሮፕላን የሚያመጣውን ወሬ የሰማ መሥሪያ ቤት፥ የወደቀው እስኪነግረው ድረስ መጠበቅ አያስፈልገውም።