ሻሕ፦ የተዘጋበት የማይሸነፍበት ጨዋታ

የሶማሌ ክልል በዜና ሲነሳ አብረው የሚነሱት ቃላት የታወቁ ናቸው፤ ድርቅ፣ ድንበር፣ ኮንትሮባንድ፣ ጋዝ። ከጅግጅጋ እስከ ደምበል፣ ከሽንሌ እስከ አይሻ በዛፍ ጥላ ሥር የሚታወቀው የአእምሮ ፍልሚያ ግን ወሬው ብዙም አይሰማም። ስሙ ሻሕ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሰው የኖረ የጠጠር ጨዋታ ነው። የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርገው የሚያልፉት ሰዎች ውስጡ ያለውን አንድ ሕግ አላስተዋሉም፤ ያ ሕግ ደግሞ ለመላው ኢትዮጵያ የሚጠቅም ነው።

ሻሕን ለመጫወት ገንዘብ አያስፈልግም። መሬት ላይ ሦስት አራት ማዕዘኖች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ ይሰመራሉ። የጎኖቻቸው መካከል በአራት አጫጭር መስመሮች ይገናኛል። በዚህም 24 ነጥቦች ይፈጠራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይይዛል። አንዱ ነጭ ከያዘ ሌላው ጥቁር ይይዛል፤ ሁለት ዓይነት ጠጠር ከጠፋም ለአንዱ ስንጥር እንጨት፣ ለሌላው የለስላሳ ቆርኪ ይበቃል። ዓላማው የራስን ሦስት ጠጠር በአንድ መስመር መደርደር ነው። ይህ ድርድር ጃሬ ይባላል። በሰሌዳው ላይ ጃሬ ሊሠራባቸው የሚችሉት መስመሮች 16 ናቸው።

መጀመሪያ ሁለቱም ተራ በተራ ጠጠራቸውን ያስቀምጣሉ። በዚህ ጊዜ ጃሬ ቢሠራም ጠጠር አይበላም። 24ቱም ጠጠሮች ሲያልቁ 24ቱም ነጥቦች ይሞላሉ፤ መንቀሳቀሻ የሚባል ነገር የለም። ያኔ በድርደራው ቀድሞ ጃሬ የሠራው ከተቃራኒው አንድ ጠጠር ያነሳል፤ ቀጥሎ ሌላው ከእሱ አንድ ያነሳል። ሁለት ባዶ ነጥቦችና 22 ጠጠሮች ይቀራሉ። ጨዋታው እንግዲህ በእነዚያ ሁለት ቀዳዳዎች ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ጃሬ የሠራ ሁሉ ከተቃራኒው አንድ ጠጠር ይበላል። ሁለት ጠጠር ብቻ የቀረው ሦስት መደርደር ስለማይችል ተሸነፈ።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጥበት ውስጥ ነው። በሁለት ቀዳዳ ሁለት ሰው ሲጋፋ፣ አንዱ ጠጠሮቹ ሁሉ ተቆልፈው መሄጃ ማጣቱ የማይቀር ነው። ምን ይደረጋል? የሻሕ መልስ ግልጽ ነው፤ የተዘጋበት ሰው አልተሸነፈም። ዘጊው ራሱ ጠጠሩን አንቀሳቅሶ መንገድ መክፈት አለበት። ሲከፍት በአጋጣሚ ጃሬ ቢሠራ እንኳ በዚያ እርምጃ መብላት አይፈቀድለትም። መንገዱ ተከፍቶ ፍልሚያው ይቀጥላል።

የሻሕ ዘመዶች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። የስፔኑ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1283 ባስጻፈው የጨዋታዎች መጽሐፍ ውስጥ በዘጠኝ ዘጠኝ ጠጠር የሚደረገው ወንድሙ ተመዝግቧል። ደቡብ አፍሪካውያን ሞራባራባ የሚሉት ደግሞ እንደ ሻሕ 24 ነጥብና 12 12 ጠጠር አለው፤ ጠጠሮቹንም "ላሞች" ይሏቸዋል። በሁለቱም መሄጃ ያጣ ሰው እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ሻሕ ግን ይህን አልተቀበለም። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአውሮፓው ጨዋታ ድርደራው ሲያልቅ ቢያንስ ስድስት ነጥብ ባዶ ይተርፋል። በሻሕ የሚተርፍ የለም። ሰሌዳው እንዲህ ጠቦ፣ መዝጋት ማሸነፍ ቢሆን ኖሮ ብዙው ጨዋታ ገና ሳይጀመር ባለቀ ነበር። ስለዚህ የመክፈት ግዴታው ለደካማ የሚደረግ ቸርነት አይደለም። ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ እንዲቀጥል የግድ የሚያስፈልግ ሕግ ነው። ቦታው ሲጠብ ሕጉ መስፋት ነበረበት።

የኢትዮጵያ ፖለቲካም ጠባብ ሰሌዳ ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ ግን ተቀናቃኝን መፈናፈኛ ማሳጣት እንደ ድል ሲቆጠር ኖሯል። መሄጃ ያጣው ወገን ሰሌዳውን ገልብጦ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም ይገረማል። ጨዋታ ሕገ መንግሥትን አይተካም፤ የጠጠር ሕግም አገር አያስተዳድርም። ሆኖም አንድ ሕፃን በስምንት ዓመቱ "ዘግተህብኛል፣ ክፈትልኝ" ማለትን እንደ መብት፣ መክፈትን ደግሞ እንደ ግዴታ ተምሮ ቢያድግ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ይህ ትምህርት አሁን ተረካቢው እየሳሳ ነው። ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወጣት ከሽማግሌ ጎን ተቀምጦ ጠጠር የሚቆጥርበት ጊዜ አጥሯል። በየከተማው የስፖርት ውርርድ ቤት የሚውለው ወጣት ያሰላል፣ ይገምታል፣ ይከራከራል፤ ስሌቱ ግን ኪሱን ያራቁታል። ሻሕ ያንኑ ስሌት በነጻ ያስተምራል። የሶማሊኛ ስፖርት ዘጋቢዎች እስከ ዛሬ የእግር ኳስ ቡድንን አሰላለፍ "ሻሕ" ይሉታል። ቃሉ በስታዲየም እየኖረ ጨዋታው ከዛፍ ጥላ ሥር ቢጠፋ ያሳዝናል።

ጨዋታው ጨርሶ አልተጻፈም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 ማሪን የተባለ ጸሐፊ ስለ ሶማሌ ጨዋታዎች በእንግሊዝ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ላይ አትሟል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ተዛማጅ የአፍሪካ ቀንድ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር አውጥተዋል። እነዚህ ግን ለአጥኚ የተጻፉ ናቸው፤ ለተማሪ የታሰቡ አይደሉም።

ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። ደቡብ አፍሪካ ለሞራባራባ የታወቀ የጋራ ደንብ አውጥታ በአገር በቀል ጨዋታዎች ውድድር ውስጥ አስገብታዋለች። ካዛክስታን፣ ኪርጊስታንና ቱርክ የገበጣን የሩቅ ዘመዶች እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ አስመዝግበዋል። በጀርመን ባለቀለም ንጣፎችን በመደርደር የሚካሄደው አዙል እ.ኤ.አ. በ2018 የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸልሟል፤ ዓለም ቀለም ማዛመድና ቅርጽ መሥራት ለሚያስተምር ሰሌዳ ገንዘብ ይከፍላል። በዚሁ በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ደግሞ የኢሳ ማኅበረሰብ በቃል ያቆየው ሔር ኢሴ የተባለው ባህላዊ ሕግ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው።

"ሕዝብ ውኃ ሲቸግረው ስለ ጠጠር ማውራት ቅንጦት ነው" የሚል አይጠፋም። ቁም ነገር ነው፤ ጉድጓድ መቆፈር ያለበት በጀት ወደ ጨዋታ ይዙር ያለ ግን የለም። የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ከጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሚችሉ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ደንቡን ከነአካባቢያዊ ልዩነቱ በሶማሊኛና በአማርኛ ይመዝግብ። የትምህርት ቢሮው 24ቱን ነጥብና 16ቱን መስመር ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይጠቀምባቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የወንዶች ሆኖ የቆየው ሰሌዳም በትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች ይከፈት። በትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር ላይ ከእግር ኳሱ ጎን አንድ የሻሕ ጥላ ይዘጋጅ።

ሻሕ ከጅግጅጋ ወጥቶ ጎንደርና አዲስ አበባ ቢደርስ ደግሞ የበለጠ ነው። ገበጣን የሚያውቅ ልጅ ሻሕን ለመልመድ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ዜጎች ስለ ሶማሌ ክልል ከድርቅና ከድንበር ሌላ የሚያውቁት ነገር ይኖራቸዋል፤ ባላጋራውን የዘጋ ሰው ራሱ መንገድ መክፈት እንዳለበት የሚያዝ ሕግም ከክልሉ ይማራሉ።